ኮፈኑ ላይ የደረቀ ውሃ

ወይዘሮ በለጥሽ ለፖሊስ የሰጡት ቃል እንዲህ ይላል፦ እሁድ ሰባት ሰዓት ላይ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ፣ መኪና አጣቢው ኦሊያድ የባላቸውን ቀይ ቮልስ በቧንቧ ጎማ ውሃ እየረጨ ሲያጥብ አገኙት። እሳቸውን ሲያይ ጎማውን ጥሎ አጥር ዘሎ ሸሸ። ባላቸው አቶ ገነነ ከመኪናዋ የፊት መከላከያ ብረት፣ ከፓራውልቱ ሥር ወድቀው ነበር፤ የኋላ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ ትንፋሻቸው ቆሞ።

ኦሊያድ የሰጠው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ጎህ ሲቀድ መጥቶ መኪናዋን አጠበ፤ ሰም ቀባ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ከጋሽ ገነነ ጋር የጥጥ መሸፈኛ ልብሷን አልብሰዋት ተሰነባበቱ። ከዚያ ሲቀላ ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ዋለ።

ኢንስፔክተር ዕድላዊት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ደጋግማ አነበበቻቸው። ብቻውን ተኝቶ የዋለ ሰው ምስክር የለውም። ወይዘሮ በለጥሽ ግን የሠላሳ ዓመት ሚስት ናቸው፤ በሚኖሩበት ሴቻ ሰፈር ውስጥ ቃላቸውን የሚጠራጠር አይገኝም። አለቃዋ ተጠርጣሪው ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ወስኗል። ቀኑ ሰኞ ነው።

ኦሊያድ በምሕንድስና ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ባልዲና ጨርቅ ያዘ። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ከራሱ ጋር የጨረሰ ሰው መስሎ ነው።

« የሚፈረም ካለ ይስጡኝ፤ » አላት። « እሳቸው አየሁት ካሉ እኔን ማን ያምነኛል? ቢያንስ እናቴ ከካምባ ሳትደርስ ምርመራው ይጠናቀቅ። »

« ፊርማህን አልፈለግኩም። ሥራህን አስረዳኝ። »

መጀመሪያ የምታሾፍበት መሰለው። ቀስ በቀስ ግን አንደበቱ ተፈታ። ፀሐይ ከቀለም ሁሉ ቀድማ የምታደበዝዘው ቀይን ነው። የድሮ ቀይ ደግሞ ላዩን የሚጠብቅለት ሽፋን የለውም፤ ሰሙ ከተነሳ ቀለሙ ራሱ ጨርቅ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚታጠበው በጥላ ነው፤ መኪናዋ የምትለብሰውም አቶ ገነነ ጨንቻ ያሸመኑላትን ነጭ ጥጥ ነው፤ ሸራ አቧራ ይዞ ይፍቀዋል።

« ዱቄት ሳሙናስ? »

« ዱቄት ሳሙና ይዞ የቀረባትን ሰው ጋሼ በከዘራ ነበር የሚያባርሩት። »

ዕድላዊት ወደ ሴቻ ወጣች። ግቢው ውስጥ ከሟቹ ባለቤት ሌላ ልጃቸው ደግነትና ሙዝ ነጋዴው ተከራይ ሀብተወልድ ይኖራሉ። ሀብተወልድ የመኪናዋን ልብስ ሲገልጥላት አፉ አላረፈም።

« የእኔ ጣሪያ ሁለት ክረምት አፍስሷል። ለእሷ ግን እይው፣ የሙሽራ ጥጥ። »

እሁድ ጠዋት ምን እንደሰማ ስትጠይቀው ሳቁ ጠፋ። ደግነት ካምባ ለሚደረግ የጓደኛው ሠርግ መኪናዋን ጠይቆ ነበር፤ አባትየው ቀዩዋን ለጠጠር መንገድ አልሰጥም ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማም። አራት ሰዓት ላይ ገላውን እየታጠበ ሳለ ውሃ ተቋረጠ።

« እስከ ዛሬ ጠዋት አልመጣችም። ሳሙናዬን እንደተቀባሁ ኩልፎ ወንዝ ወርጄ የሙዝ ማሳው ቦይ ውስጥ ገባሁ። ሙዝ ጫኞቹ እስከ ማታ ሲስቁብኝ ዋሉ፤ ጠይቂያቸው። »

ጠየቀቻቸው። እየሳቁ አረጋገጡላት።

ደግነት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዓይኖቹ አብጠዋል። እሁድ ጓደኞቹ ጋ እንደዋለ ነገራት፤ የትኞቹ ጋ እንደሆነ ግን ሁለት ጊዜ አቀያየረ። ስለ መኪናዋ ስትጠይቀው መራራ ፈገግታ አሳየ።

« ከነካኋት ዓመት አልፎኛል። በዓይኔ ባያት እንኳ ለአባዬ የምትፈገፈግ ይመስለው ነበር። »

ዕድላዊት ስትወጣ ከጓሮ የልብስ ገመድ ላይ አንድ ነገር አውርዳ በፌስታል ያዘች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦሊያድን በካቴና አምጥተውታል። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ቮልሷ ከቤቱ በስተምዕራብ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ፀሐይ ላይ ናት።

ዕድላዊት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፍታ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ውሃ ጠብ አደረገች። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ኮፈኑ ላይ ስታፈስ ግን ተንሰራፍቶ ቀረ።

« ጣሪያው ላይ የኦሊያድ ሰም አለ፤ ኮፈኑ ላይ የለም። እሁድ ጠዋት ከተቀባ በኋላ አንድ ሰው በዱቄት ሳሙና ፈግፍጎ አንስቶታል። እነዚህ ነጫጭ ክቦች ደግሞ ውሃው ፀሐይ ላይ መድረቁን ያሳያሉ። ይህ ግድግዳ እስከ ስድስት ሰዓት ጥላ ነው። ስለዚህ እማማ በለጥሽ ሰዓቱን በትክክል ነው የነገሩን፤ በዚያ ሰዓት የሚያጥብ ሰው ነበር። »

ደግነት ትንፋሹ መለስ አለ።

« ጎማ አየሁ ያሉት ግን ሊሆን አይችልም። ቧንቧው ከአራት ሰዓት ጀምሮ ደረቅ ነበር። ግቢው ውስጥ የነበረው ውሃ ከዱቄት ሳሙናው ጎን፣ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ያለው የበርሜል ውሃ ብቻ ነው። »

ወይዘሮ በለጥሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ዕድላዊት ጎንበስ ብላ የኮፈኑን ጠርዝ አሳየች። ስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ነገር ደርቋል፤ ከአጠባው ያመለጠ ደም ነው። እንዳስረዳቻቸው፣ ጋሽ ገነነ ወድቀው የተፈነከቱት በፓራውልቱ ነው፤ ደሙ ኮፈኑ ላይ የደረሰው በእጅ ነው። አንድ ሰው ሊያነሳቸው ታግሎ፣ ሲያቅተው በደማው እጁ ተደግፎበታል። ያንን አሻራ ነበር ያጠበው።

ከፌስታሉ ነጭ ካናቴራ አወጣች። ደረቱ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቀይ አለበት። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በሳሙና ነክራ ኮፈኑን አሸችና ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው።

« ደም ቢሆን ኖሮ ይጠቁር ነበር። ይህ የመኪናዋ ቀለም ነው። ካናቴራው ያንተ ነው፣ ደግነት። ዓመት ሙሉ አልነካኋትም ብለኸኛል። »

ደግነት ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

« ማን እንዳጠበ አውቄአለሁ፤ » አለች ዕድላዊት ወደ እናትየው ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። « ሊገድል ያሰበ ሰው የወደቀውን ለማንሳት አይታገልም፤ ይህንንም እጽፋለሁ። ግን የእርስዎ ቃል እንዳለ ከቀረ፣ ነገ ዳኛ ፊት የሚቆመው ኦሊያድ ነው። »

« እማዬ፤ » አለ ደግነት።

ወይዘሮ በለጥሽ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ በካቴና የታሰሩትን የኦሊያድን እጆች አዩ። ሀብተወልድ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሴትየዋ እንባቸውን ሳይጠርጉ ቀና አሉ።

« ወረቀቱን አምጪው፣ ልጄ። ስደርስ ደግነት እያጠበ ነበር፤ ‹አባዬ፣ ተነስ፤ ገፋ ነው ያደረግኩህ› እያለ ያለቅሳል። ኦሊያድን ግቢው ውስጥ አላየሁትም። ነገ ዳኛው ፊት ቆሜ የምናገረው ይህንን ነው፤ ልጄም ቆሞ ይስማኝ። »