ሦስት ጊዜ ነገ

የዘፈኑ ሸክላ እንደ ሾርባ ሳህን ጎብጦ ነበር።

ቀጮ ከመስኮቱ ደፍ ላይ በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ዓይኗ ከፍታ አመጣችው። አንደኛው ጠርዝ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሄዷል። በመዳፏ ጫን ብታደርገው ተመልሶ ብቅ አለ። በመስታወቱ አልፎ የገባው ፀሐይ አሁንም ደፉን እንዳጋለው ነው።

«ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ» አለቻት ከኋላዋ የቆመችው ጓደኛዋ። ይህች ጓደኛዋ ራዲዮ ትባላለች። ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው አፏ ስለማይዘጋ የሒሳብ አስተማሪያቸው ያወጣላት ስም ነው፤ እሷም እንደ ሹመት ተቀብላዋለች።

«ገደልኩት» አለች ቀጮ።

«ማንን?»

«የሹፌሩን ሸክላ።»

ሁሉም የሆነው በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ቀጮ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው በአክስቷ ሙዚቃ ቤት ነው። ቤቱ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ አንዱ ሆዱን መሳብ ግድ ይሆንበታል። ግድግዳው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ በሸክላ ተሞልቷል። አክስቷ አሮጌ አልበሞችን ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ሰዎች አቧራ የጠጣ ሸክላቸውን ሲያመጡም ታጥባለች። እጥበቱን ለቀጮ ያስተማረቻት እሷው ናት፤ የተጣራ ውሃ፣ አንዲት ጠብታ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከመስመሮቹ ጋር አብሮ የሚዞር እጅ። ከዚያም ጥላ ውስጥ ባለው የእንጨት መደርደሪያ ላይ አቁሞ በትዕግሥት መጠበቅ። «ሸክላና ፀሐይ አማትና ምራት ናቸው፤ አንድ ቤት አታስገቢያቸው» ትላት ነበር።

ዛሬ አክስቷ የአሮጌ አልበሞች ካርቶን ልታይ ወጣ ባለችበት፣ ራዲዮ ከበሩ ላይ ሆና «ኳሱ ሊጀመር ነው፤ ኧረ ፍጠኚ!» ብላ ጮኸች። ቀጮም ሹፌሩ ለእጥበት ያመጡት ሸክላ በጥላ እስኪደርቅ መጠበቅ አቅቷት ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስደገፈችው፤ በሩን ቆልፋም ሮጠች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ቀጮ ግን የምትለቅመው እንኳ አላገኘችም።

«ቆይ፣ ይሄ አልበም ሌላ የለም እንዴ?» አለች ራዲዮ፣ ዓይኗን በመደርደሪያው ላይ እያንከራተተች።

ነበረ። ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ ከታች በሦስተኛው ረድፍ፣ ያው ዘፋኝ፣ በካርቶን ልባሱ ላይ ያው ሥዕል፣ በሸክላው መካከልም ያው ቀይ ክብ ወረቀት። አንድም ጭረት የሌለበት።

«በቃ አለቀ! ልባሱ የሳቸው፣ ሸክላው የኛ። ማን ይነቃል? እንዲያውም ተጠቀሙ፤ የሳቸው ጭረት ነበረበት ብለሽኝ የለ?»

«አክስቴስ?»

«ለእሷ ነገ ትነግሪያታለሽ። ከፕሮግራምሽ በኋላ። ፋራ አትሁኚ እንጂ።»

ቀጮ ሳታስበው ከባንኮኒው ጀርባ የተሰቀለችውን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አየች። በአክስቷ የእጅ ጽሑፍ «የነገው መራጭ፦ ቀጮ» ይላል። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ወዳጆች ተሰብስበው አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽሞና ያዳምጣሉ። ተራው የደረሰ ሰው አልበሙን መርጦ፣ ያ አልበም ምን እንዳደረገው ይናገራል። ልብስ ሰፊው እግሩ በስፌት መኪናው ላይ ምት የያዘው ከአንድ አልበም ከበሮ ተምሮ እንደሆነ ነግሯቸዋል። የመድኃኒት ቤቷ ሴት ደግሞ ፈተና በወደቀችበት ዓመት በየማለዳው አንድ አልበም እየሰማች እንደገና ለመፈተን እንደ ደፈረች ስትናገር፣ ፀጉር አስተካካዩ ጉንፋን የያዘው አስመስሎ አፍንጫውን ጠርጎ ነበር። ለልጅ ተራ ተሰጥቶ አያውቅም። ቀጮ ንግግሯን መስታወት ፊት ቆማ እስክትሰለቸው ድረስ አጥንታዋለች።

ጎባጣውን ሸክላ ከመደርደሪያው ጀርባ ሸሸገችው። ደህነኛውን በሹፌሩ ልባስ ውስጥ ስትከት እጇ እንደ ሌባ እጅ ፈጠነ።

ከውጭ የአክስቷ ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ኧረ ይተዉት፣ ይከብድዎታል!»

«ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ካርቶን ይፈራል እንዴ? ዞር በይ!»

ካርቶኑን ወዲያና ወዲህ ይዘው አብረው ገቡ፤ አክስቷ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ፣ ሹፌሩ ባርኔጣቸው ተንጋዶ። ሹፌሩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሚስታቸውን የቀበሩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ቀጮን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«እህ፣ ሐኪሟ! በሽተኛዬ እንዴት ሆነ?»

«ደኅና ነው፣ አባባ» አለች ቀጮ። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

የቤቱ ሕግ አይሻርም፤ የታጠበ ሸክላ ባለቤቱ ፊት ሳይሰማ ከበሩ አይወጣም። አክስቷ ሸክላውን በማጫወቻው ላይ አኖረች፤ መርፌውንም እንደ ሕፃን ጣት ቀስ አድርጋ አወረደችው። ሹፌሩ በትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ፤ ሁለተኛውም አለቀ። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ራዲዮ ከጥግ ሆና «አየሽ?» ለማለት ዓይኗን ጠቀሰች።

በሦስተኛው ዘፈን መካከል ሹፌሩ ዓይናቸውን ገለጡ። ከወንበሩ ጠርዝ ቀረብ ብለው ቀኝ እግራቸውን ከወለሉ አነሡ። ዘፋኙ «ነገ…» አለ፤ ወደሚቀጥለው ስንኝም አለፈ።

የሹፌሩ እግር አየር ላይ ቀረ።

ጥቂት እንደ ቆዩ እግራቸውን መልሰው አሳረፉት፤ ጫማቸው ወለሉን ሲነካ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«ታጠበና ዳነ ማለት ነው?» አሉ።

«ምኑ፣ ጋሼ?» አለች አክስቷ።

«እዚህ ላይ ይነክስ ነበር። ‹ነገ፣ ነገ፣ ነገ› እያለ አንድ ቦታ ይቆማል። እሷ ማጀት ሆና ሦስቴ እስኪል ትጠብቅና ወለሉን በእግሯ ድው! ‹ነገ ነገ አትበል አንተ፣ የዛሬውን ጨርስ!› ትለዋለች ዘፋኙን። መርፌው ደንግጦ ያልፋል።» ሣቅ አሉ። «ልጆቻችን ዘፈኑ ሲፈጠር እንዲህ ይመስላቸው ነበር። ትልቁ ልጄ በሠርጉ ቀን የሙዚቃ ባንዱ አንዴ ብቻ ‹ነገ› ብሎ ቢያልፍ፣ ‹ዘፈኑን አበላሻችሁት› ብሎ ሙሽራ ሆኖ ሊጣላ! እሷ ካረፈች ወዲህ የምመታው እኔ ነኝ።»

አክስቷም ሣቀች። «አንዳንዴ የሚያስነክሰው የተጋገረ ቆሻሻ ነው፤ ሲታጠብ ይለቃል። የዚች ልጅ እጅ መድኃኒት ነው፣ ጋሼ።»

ቀጮ የጫማዋን ማሰሪያ አየች።

«ነገ የልጅ ልጄ ትመጣለች» አሉ ሹፌሩ፣ ሸክላውን ከነልባሱ ተቀብለው። «ሰባት ዓመቷ ነው፤ አያቷን በቅጡ አታስታውሳትም። ‹አያትሽ የምትመታው እዚህ ላይ ነበር› ብዬ ላሳያት አስቤ… ይሁን ግድ የለም። የዳነ ነገር ይዞ ማማረር ደግ አይደለም። እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ቡራኬው ከስድብ ይልቅ አቃጠላት። ሹፌሩ ልባሱን በብብታቸው ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አቃንተው ወደ በሩ ሄዱ። ከመቀመጫው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው፤ ቀጮ ሲራመዱ ቆጠረች። በአምስተኛው ላይ፦

«አባባ፣ ይቆዩ» አለች።

ራዲዮ በኃይል አሳላት።

«የያዙት የእርስዎ አይደለም።»

ከመደርደሪያው ጀርባ እጇን ሰድዳ ጎባጣውን አወጣች። አክስቷ ተቀብላት፣ ልክ ቀጮ እንዳደረገችው ወደ ዓይኗ ከፍታ አንሥታ አየችው።

«መቼ?»

«ዛሬ። ኳስ ለማየት ቸኩዬ… መስኮቱ ላይ።»

«መስኮቱ ላይ» አለች አክስቷ በዝግታ። ብትጮኽ በተሻለ ነበር። «እኔ እጅሽን ሳመሰግን ቆመሽ ሰማሽ።»

«እኔ ነኝ እኮ ያልኳት…» ብላ ራዲዮ ጀመረች፤ ግን ባትሪው እንዳለቀ ራዲዮ መካከል ላይ አቋረጠች።

ሹፌሩ ሸክላውን ከአክስቷ እጅ ወሰዱ። ጠርዙን ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቀጮ የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል ትከሻዋን አጠበበች።

«የኔን ወገብ መሰለ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን አልሣቀም። «ይጫወታል?»

«መርፌውን ሊወረውረው ይችላል፣ ጋሼ።»

«ይሞከር።»

አክስቷ የማጫወቻውን ክንድ በጣቷ ጫፍ እየጠበቀች አስጀመረችው። መርፌው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ዞረ፤ ዘፋኙ በሞገድ ላይ በምትናወጥ ጀልባ ቆሞ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ሁለቱን ዘፈኖች እንደምንም ተሻገረ። ሦስተኛው መጣ።

«ነገ… ነገ… ነገ…»

ሹፌሩ ራሳቸውን አቀርቅረው ሰሙ። አራተኛው ሊመጣ ሲል እግራቸውን አንሥተው ወለሉን መቱ። በመደርደሪያው ላይ ያሉት ሸክላዎች ተንሿሹ፤ መርፌው አለፈ።

«ይኸው እንግዲህ» አሉ፤ መሐረባቸውን ፍለጋም ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ።

አክስቷ የሚሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። በሁለት ጠፍጣፋ መስታወቶች መካከል አድርጋ ከባድ ነገር ትጭንበታለች፤ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ግማሹ ሊቃና ይችላል፤ ሁሉም ግን አይመለስም። እስከዚያው በእርሳቸው ቤት ማጫወቻ ላይ አይሞከርም፤ የዚያኛው መርፌ ከባድ ስለሆነ ይፍቀዋል። እዚህ ብቻ፣ በዚህ ቀላል ክንድ።

«ልጅቱ ነገ መጥታ ከነገ ወዲያ ትሄዳለች» አሉ ሹፌሩ። ቀጥለውም ቀጮን አዩና «ይሁን፤ ሌላ ጊዜ ትሰማዋለች» አሉ። ሁለቱንም ሸክላ እዚያው ትተው ወጡ።

አክስቷ ካርቶኑን መፍታት ጀመረች። ስለ ቅዳሜው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ አልሻረችም፣ አላጸናችም። ሰሌዳዋ በቦታዋ ነበረች።

«አልተቆጣችም እኮ» አለች ራዲዮ በሹክሹክታ። «ፕሮግራምሽ አለ ማለት ነው። ተረፍሽ!»

ቀጮ የእጥበቱን ጨርቅ ጫፍ አርሳ ወደ ሰሌዳዋ ሄደች፤ ስሟን አጠፋች። ጠመኔውን አንሥታ «ሹፌሩና የልጅ ልጃቸው» ብላ ጻፈች። ጽሑፉ ወደ ቀኝ ተንጋደደ፤ አላረመችውም። አክስቷ ከካርቶኑ ቀና ብላ አነበበች፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሆኖም አንዱን ልባስ ከመጥረግ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች።

ቀጮ ወደ በሩ ሮጠች። «አባባ!»

ሹፌሩ መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ ዞሩ።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘዋት ይምጡ። እዚሁ እናሰማታለን።»

ባርኔጣቸውን አነሡላት።

ስትመለስ ራዲዮን «ነይ አግዢኝ» አለቻት። ትልቁን ወንበር ወደ ጎን ገፉት። ከጓዳ አጭሯን በርጩማ አውጥተው ከአጠገቡ አኖሩ። ቀጮ ተቀመጠችባት፤ ጉልበቷን አጥፋ የሰባት ዓመት ልጅ እግር የት ድረስ እንደሚደርስ ገመተች፤ ገና ከፍ ያለ መሰላት። በርጩማዋን መልሳ ከዚያ ያነሰች ዝቅተኛ ሣጥን ፈልጋ አመጣች። ዳግመኛ ተቀምጣ ተረከዟን ከወለሉ አነሣች፤ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብላ መታችው።