ለቅሶ ቤት የገባው ስብሰባ

ሴና የሻይ ትሪ እንደያዘች ድንኳኑ በር ላይ ደርቃ ቀረች። ጓደኛዋ ዳዊ ሁለት የክፍለ ከተማ ሰዎች እየመራ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ኮብልስቶኑን እየተንጎራደደበት ይመጣል።

«ይኸው» ይላል ድንኳኑን እያሳየ፣ «ነዋሪው ለሜዳው ጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስቦ እናንተን ነው የሚጠብቀው።»

ውሸቱን ነው። ድንኳኑ የለቅሶ ነው። ሐሙስ ለት እማማ ታየች አገር ቤት ያሉት አጎታቸው ማረፋቸውን ተረዱ። ሰውየው ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል፤ በዚያ ላይ በአንድ በሬ የተነሣ ከእማማ ታየች ጋር ተኳርፈው ሳይታረቁ ነው የሞቱት ይባላል። እማማ ታየች ግን ደረታቸውን እስኪያማቸው አለቀሱ። ሰፈሩም እየተንሾካሾከ አብሮ አለቀሰ፤ ዕድሩም ድንኳኑን አብነት ሰፈር ካለችው አንዲት ሜዳ መሀል ተከለው። ሌላ ቦታ የት አለና?

ችግሩ የክፍለ ከተማው ሰዎች ቀጠሮም ዛሬ ቅዳሜ ነው። በዘንድሮው በጀት የሚታደሰው አንድ የኳስ ሜዳ ብቻ ነው፤ ወይ ይሄ፣ ወይ ወደ ሰንጋ ተራ ያለው። ነዋሪው ወጥቶ «እኛም እናዋጣለን» ያለበት ሰፈር ይወስደዋል ተብሏል። ሴና ደግሞ በረኛ ናት። የዚያ ሜዳ ጠጠር ያልላጠው ጉልበት የላትም።

ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ለቅሶ እንደሆነ ምኑም ለቅሶ አይመስል። ሴቶቹ ሜዳው ጥግ ካለው ከእማማ ታየች ቤት ውስጥ ናቸው። ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፣ ሻይ በሻይ ላይ ይደርባሉ።

«ዳዊ፣ አብደሃል?» አለችው በሹክሹክታ።

«ፋራ አትሁኚ ጀለሴ። ሰው አለ፣ ወንበር አለ፣ ሻይ አለ። ከዚህ በላይ ስብሰባ የት ታገኛለሽ?»

ኢንጂነር በድሉ ጥቅል ፕላኑን በብብቱ ሸጉጦ ገባ። የስፖርት ኃላፊዋ ወይዘሮ ነፊሳ ስልኳን ይዛ ተከተለችው። ወንዶቹ ለለቅሶ ደራሽ እንደሚደረገው ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁ። ካርታቸውን ግን አልለቀቁም።

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገና «በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ» አለ።

ወንዶቹ ሁሉ ከካርታቸው ቀና አሉ።

«ምን አለ?» አሉ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወርቅአፈራሁ።

«ውርስ አለ መሰለኝ» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት አቶ ሞቱማ።

«ይህን ያህል ሰው በጠዋት ይወጣል ብለን አልጠበቅንም» ቀጠለ ኢንጂነሩ። «ከተስማማን በቅርቡ ቁፋሮ እንጀምራለን።»

«የምን ቁፋሮ ልጄ?» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። «ቀብሩ እኮ እዚያው አገር ቤት ተፈጽሟል።»

ኢንጂነሩ ግራ ገባው። ዳዊ ዘሎ ገባ። «ጋሼ አነጋገራቸው እንዲህ ነው። የሰፈሩ የድሮ ጭቅጭቅ ተቀብሯል ማለታቸው ነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ» አለች ነፊሳ ደስ ብሏት። «በሉ በመዋጮው የተስማማችሁ እጃችሁን ስታነሡ ፎቶ ላንሣ። ቆይ፣ ሴቶቹስ? ሴት የሌለበት ፎቶ ይዤ ብሄድ ማን ይቀበለኛል?» ወደ ሴና ዞረች። «እስቲ የኔ ቆንጆ፣ እናቶችን ጥሪልኝ።»

ዳዊ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። «ሁለት ይበቃሉ። ጥቁሩን ብቻ ያውልቁ። ፎቶው ከተነሣ ሜዳው የኛ ነው።»

ሴና ወደ ቤት ገባች። እማማ ታየች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዐይናቸው አብጧል።

«ማን መጣ ልጄ? የእንግዳ ድምፅ እሰማለሁ።»

«ከክፍለ ከተማ ናቸው እማማ።»

«ከክፍለ ከተማ? ለኔ አጎት?» ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሴቶቹን ዙሪያውን ገረመሙ። «ይኸው ሐሜተኛ ሁሉ ይስማ። እናንተ በሬ በሬ ትላላችሁ፣ መንግሥት ግን አጎቴን አውቆ መጣ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ነኝ እንጂ ሳልታረቃቸው የቀረሁ።»

 ሴና «አዎ፣ ይጠሩዎታል» ብትል እማማ ታየች ራሳቸው ወጥተው ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያነሣሉ። ጠጠሩ ይጠረጋል፣ መረብ ያለው ጎል ይቆማል። እማማ ታየች ግን በኋላ ሲሰሙ በዚህች ፍራሽ ላይ ምን ሆነው እንደሚቀመጡ ታያት።

«መጣሁ እማማ» ብላ ብቻዋን ወጣች።

ነፊሳን ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠራቻት። «እትዬ፣ ይቅርታ። ስብሰባ አይደለም፤ ለቅሶ ነው። እማማ ታየች አጎታቸው ሞተውባቸው ነው። ስለ ሜዳው እስካሁን ማንም ምንም አላወራም።»

ነፊሳ ስልኳን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ከተተች። ለኢንጂነሩ ስትነግረው ፊቱ ቀይ ሥር መሰለ።

«እንኳን ደስ አላችሁ ብያለሁ እንዴ?»

«ብለሃል» አሉት አቶ ሞቱማ፣ ከካርታቸው ቀና ሳይሉ።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው ውልቅ ማለት ነውር ነው። ሁለቱም ቤት ገብተው እማማ ታየችን «ያጽናዎት» አሉ፣ ተመልሰው ሻይ ጠጡ። ኢንጂነሩም ካርታ ተሰጠው፤ ደጋግሞ ተበላ።

ሲወጡ ነፊሳ ሴናን እንዲህ አለቻት፦ «ሰንጋ ተራዎች ከሰዓት ይጠብቁናል። የእውነት ተዘጋጅተዋል፣ አልዋሽሽም። ውሳኔው ሰኞ ነው። ነዋሪያችሁ ከተስማማ እስከ ነገ ማታ አሳውቁኝ፤ ቃል ግን አልገባም።»

ዳዊ ጠጠር እየጠለዘ ቆየ። «ሜዳውን በእጅሽ ሰጠሽው።»

ሴና ባዶ ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ ደረደረች። «ማታ ድንኳኑ ይነሣል። ነገ በየቤቱ እዞራለሁ።»

«በየቤቱ? ስለ መዋጮ? ውሻ ነው የሚለቁብሽ።»

«ይልቀቁብኝ።»

ዳዊ ራሱን አከከ። ወደ ሜዳው አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«እኔም ልምጣ?»

ሴና ትንሽ አሰበች።

«ና። አፍህን ግን ቤት አስቀምጠኸው።»