ባለቤት ያልተገኘለት ነጥብ

እኔ ጋኔን አየሁ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ራት ምን እንደበላ ነው፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም፣ ስለሆነ ብቻ ነው።

የወንድሜ ልጅ ጥሩዬ ፍኖተ ሰላም ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ የመመረቂያ ጥናቷን ትሠራ ነበር፣ ባክቴሪያ ውስጥ ሁለት ዘረመል ታስገባለች፣ አንዱ በሰማያዊ መብራት ሥር አረንጓዴ ያበራል፣ ሌላው መድኃኒት እንዳይገድለው ያደርጋል፣ መድኃኒት በተቀላቀለበት የማብቀያ ሳህን ላይ ዘረመሉን የተቀበለው ብቻ ይተርፋል። አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ አለምነህ፣ ያን ቀን ከቡሬ ገጠር ለገበያ መጥቶ አብሮን ነበር።

«የበግ ጆሮ እንደ መተልተል ነው በይኝ!» አላት።

«ልክ እንደሱ አባዬ፣ የእኔን ከባዳው እንድለይ።»

ከቀትር በኋላ ሳህኖቹን በጨለማ ለማየት መስኮት የሌላት ዕቃ ቤት ገባን። አንደኛው ሳህን ለማመሳከሪያ የተተወ ባዶ ነው፣ መድኃኒት እንጂ ባክቴሪያ የለበትም፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋ «ጋሼ፣ እርስዎ ተጠራጣሪ ስለሆኑ» ብላ በሳምንቱ መጀመሪያ ፕላስተሩ ላይ እኔን አስፈርማኛለች። እሱ ላይ አንዳች ከበቀለ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሰማያዊውን መብራት አበራች፣ የእሷዎቹ አረንጓዴ ሆኑ። ከዚያ ከባዶው በኩል ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ ዓይነት፣ ጠጋ ብንል መሀሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ታበራለች። ፕላስተሩ አልተነካም፣ ፊርማዬም እንዳለ ነው።

«ብክለት ነው» አልኩ፣ ሊቅ ነኝና።

ጥሩዬ መብራቱን አጠፋችው፣ የእሷዎቹ ወዲያው ጨለሙ፣ ሕጋቸው እንዲያ ነው፣ መብራቱ ሲጠፋ ይጠፋሉ። ነጥቧ ግን አልጠፋችም። እመነኝ፣ በጨለማው ብቻዋን ታበራ ነበር።

«ጣይውና ሌላ ባዶ ተኪ፣ ማን ያያል?» አልኳት፣ አዎ እኔው፣ የሳይንስ ሰባኪው።

አለምነህ እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። «ባዳ በግ ከመንጋችን ተቀላቅሎ ሲገባ ምን እናደርጋለን?»

«ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እናስነግራለን፣ አባዬ።»

«እንግዲያው አስነግሪ።»

«ባዶው አበራ» ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈች፣ ለአማካሪዋ ነገረች፣ ምረቃዋ ተላለፈ፣ አሁን ሙከራውን ከሀ ጀምራ እየደገመች ነው፣ የምትበገር ልጅ አይደለችም። ሳህኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሦስት እሑድ አለፈ፣ የእኔ ነው ያለ የለም።

ትናንት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ሆናለች።»

«ፕላስተሩስ?»

«ፊርማዎ እንዳለ ነው።»

«መብራት አብርተሽ ነው ያየሽው?»

«ኧረ ጋሼ» አለችኝ፣ «ከተማው ሙሉ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም።»