ቶክ እስኪደውል

ኛቴኒ መጥረጊያውን ከአልጋ ስር አወጣች። ወንድሟ ቶክ የታመመ አጎታቸውን ሊጠይቅ ድንበር ማዶ ከሄደ ሳምንት ሊሞላው ነው። በእነሱ ቤት መንገደኛ «ደርሻለሁ» ብሎ ካልደወለ ወለል አይጠረግም፤ ዱካው አብሮ ይጠፋል ይባላል። ኔትወርክ ደግሞ ከጠፋ ሰነባብቷል። የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የዓሣው ቅርፊት፣ ከደጅ የገባው ጭቃ ሁሉ እንዳለ ነው።

የክፍል ጓደኛዋ ፈትሂያ ግን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አብረው ሊያጠኑ እየመጣች ነው። ባለፈው ቶክ ኢታንግ በሄደ ጊዜ መጥታ፣ «በናትሽ፣ እናንተ ቤት መጥረጊያ የለም እንዴ?» ብላ ስቃባት ነበር። ያኔ ኛቴኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዛሬ ይህ አይደገምም! እናቷ ኛጆክ ስልኩን ለእሷ ትታ ደረቅ ዓሣ ልትሸጥ ገበያ ወጥታለች። ቶሎ ቶሎ ጠረገች። በሩ ጋ ስትደርስ የቶክ ጫማ የተወው የደረቀ ጭቃ አለ። ቆም አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እሱንም ጠረገችው።

ጎረቤታቸው ኛሉዋል በደጅ ስታልፍ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች።

«ወለሉ ተጠርጓል! ደወለ ማለት ነው!» አለችና እልል እያለች ወደ ገበያ ሮጠች።

«አክስት፣ ቆዪ! አልደወለም!» ብላ ተጣራች ኛቴኒ። ማን ሰምቷት!

ፈትሂያ ስትደርስ ኛቴኒ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆማ ነበር። ፈትሂያ ጭቃ የበላውን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ነገሩንም ሰማች።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? እናትሽን ደወለ በያት። ኔትወርክ ሲመጣ መደወሉ አይቀርም፤ ማን ያውቅብሻል?»

«ካልደወለስ?» አለች ኛቴኒ። «አባቴ የሄደ ቀን ሳይደውል ቤቱን የጠረገችው ማማ ራሷ ናት። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በኔ ነው ትላለች።»

ፈትሂያ አንገቷን ደፋች። «አላውቅም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ወዲያው ኛጆክ ዓሣዋን ለሰው ጥላ እያለከለከች ደረሰች። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች። ኛቴኒ እናቷን እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ቆይታለች።

«ምን አለ? አጎትሽን አገኘው? ምግብስ በልቷል?»

ፈትሂያ በዓይኗ «በያት» አለቻት። «ደህና ነኝ አለ» የሚለው ቃል ኛቴኒ አፍ ላይ ደርሷል። ይህን ብትል እናቷ ዛሬ እንቅልፍ ይወስዳታል። ግን ከነገ ጀምሮ ስልኩን መጠበቅ ትተዋለች። ከዚያ ቶክን ማን ይጠብቀዋል?

«ማማ፣ አልደወለም» አለች። «እኔ ነኝ የጠረግኩት። አፍሬ ነው።»

የእናቷ ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ቆየ። ከዚያ በሩ አጠገብ ያለውን ንጹህ ቦታ አየች። አልተቆጣችም። ኛቴኒ ግን ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ኛጆክ ወደ ደጅ ወጣች፣ ጭቃማ ጫማዋን አደረገች፣ ተመልሳ እስከ አልጋው ድረስ በወለሉ ላይ ሄደችና ስልኩን አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ኛቴኒ መጥረጊያውን ወደ አልጋው ስር መልሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ፈትሂያ ተነስታ ወደ በሩ ስትሄድ፣ በቃ ልትሄድ ነው ብላ አሰበች።

ፈትሂያ በር ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች። ከዚያ ከነጭቃው ተመልሳ ገባች።