መቅረጫው የሚሰበርበት ቀን

ፉትስክሬይ በተባለው ሰፈር ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ያለችው የቴሬንስ ቤት ሰው የሚኖርባት አትመስልም ነበር። ሳሎኑ፣ ኮሪደሩ፣ ሟች ሚስቱ ግሌንዳ ልብስ ትሰፋበት የነበረው ክፍል ሳይቀር በእንጨት ሳጥን ተሞልቷል። በየሳጥኑ ውስጥ ከሲሚንቶ፣ ከፌሮና ከአሮጌ የፋብሪካ ቧንቧ የተሠራ ቅርጽ አለ። ቴሬንስ ግን አንዱንም ከፍቶ አላየም። እሽጉ የተቀደደ ሳጥን በጥበብ ሥራ ሰብሳቢዎች ዘንድ ክብር የለውም። ስለዚህ ጡረተኛው ብረት በያጅ ሳጥን እያየ ይበላል፣ ሳጥን እያየ ይተኛል። ይሄ ኑሮ ነው ትላላችሁ?

ልጅ ነበረችው፤ ብሮንዊን። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ ገና አስራ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ እሱ ፎርማን የነበረበትን ፋብሪካ አጥር ከዳር እስከ ዳር በቀለም ሥዕል ሞላችው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ያንን አጥር እንዲፍቅ የታዘዘው አባቷ ነው። ቤት ሲገባ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለሽም» አላት። ልጅቷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሳምንት ሳይሞላት ትመለሳለች ብሎ ነበር፤ ሳምንቱ ዓመት ሆነ። ግሌንዳን ካንሰር ሲበላት፣ ብሮንዊን ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆማ አልቅሳ ሄደች። አይቷታል። እሷ ትምጣ ብሎ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቴሬንስ አላለቀሰም፣ አልሳቀም፣ አልተቆጣም... ውስጡ ደንዝዞ ቀረ። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ በዚያ በር ስትገባ ማየት። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሳጥን መግዛት ጀመረ።

ከሁሉ የሚያሳድደው «ዝገት» የሚባለውን የጎዳና ሠዓሊና ቀራጺ ሥራ ነበር። ዝገት ፊቱን በበያጅ ጭንብል ይሸፍናል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቅርጹንም ለማንም ሳያሳይ አሽጎ ነው የሚሸጠው። ከእያንዳንዱ ሥራ የሚወጣው አስራ ሁለት ብቻ ሲሆን፣ አስራ ሁለተኛው እንዳለቀ ሲሚንቶው የፈሰሰበት መቅረጫ በገዢዎች ፊት በመዶሻ ይደቅቃል። አስራ ሦስተኛ የሚባል ነገር እንዳይኖር።

በዚያ ዓመት መቅረጫው በሚሰበርበት ቀን፣ ብረንስዊክ ሰፈር ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ገዢዎቹ የሥጋ ፓይ እየበሉ ይጠባበቁ ነበር። ሰብሳቢው የጥርስ ሐኪም ላክላን ወደ ቴሬንስ ጠጋ አለ።

«ሰምተሃል? የዝገት ሳንባ አልቋል አሉ። ድንጋይና ሲሚንቶ ሲቆርጥ የዋጠው ብናኝ ነው። ክረምቱን አይዘልቅም።»

«እንግዲያው መግዣው አሁን ነዋ» አለ ቴሬንስ እያላመጠ። «ከሞተ በኋላ ዋጋውን ማን ይቀምሰዋል? እኔ ሁለት እወስዳለሁ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አንጀት የሚባል አልፈጠረብህም እኮ» ብሎ ሳቀ ላክላን።

ወይ ነዶ... ዘወር ቢሉ ኖሮ! ከኋላቸው ጭንብል ያጠለቀ ሰው የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ወንበር ቆሞ ነበር። የተባለውን ሁሉ ሰምቷል።

ዝገት መዶሻውን አንስቶ መቅረጫውን አንዴ መታ። ክንዱ ከዳው። «ከእናንተ አንድ ብርቱ ሰው ያግዘኝ» አለ፣ በጭንብሉ ውስጥ በታፈነ ድምፅ። አርባ ዓመት መዶሻ የያዘው ቴሬንስ ወጣና በሦስት ምት አደቀቀው። አቧራው ቦነነ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሳሉ ሲያፍነው ጊዜ፣ አየር ፍለጋ ጭንብሉን አወለቀ።

ብሮንዊን ነበረች።

መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ አያት። እንባው አልመጣም።

«ሁለት እወስዳለሁ ስትል ሰማሁ፣ አባዬ» አለች።

«አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም።»

«ስምህን የገዢዎች ዝርዝር ላይ ካየሁት ስድስት ዓመቴ። ቅርጾቹ በሙሉ እኮ አንተ ነህ። ስትበይድ፣ ስታጎነብስ፣ በር ላይ ጫማህን ስትፈታ... አንድ ቀን ራሱን አይቶ ይፈልገኛል እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«አልከፈትኩትም» አለ።

«የትኛውን?»

«አንዱንም።»

ጭንብሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ደግሞ...» አለች፣ «አይተህ ዝም ያልከኝ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው አስራ ዘጠኝ ቀን ነበር። ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሾርባ በማንኪያ አጠጣት፣ በራዲዮ ክሪኬት አብረው አዳመጡ፣ ይቅርታ ሲላት «እኔም አልደወልኩም እኮ» አለችው። ሐሙስ ጠዋት፣ ጸጉሯን እያበጠረላት፣ ትንፋሿ ቆመ። ማበጠሪያውን ወዲያው አላስቀመጠም፤ የቀረውን ጎን ጨረሰላት።

በማግስቱ ላክላን ደወለ። በመጋዘኑ ግርግር አባትና ልጅ የተነጋገሩትን አልሰማም ነበርና ድምፁ ፍክት ብሏል።

«ዝገት ሞተች አሉ። እንኳን ደስ አለህ ወዳጄ፣ ያንተ ሳጥኖች አሁን ወርቅ ሆኑ።»

«ልጄ ናት» አለ ቴሬንስ።

ላክላን «ይቅርታ፣ አላወቅኩም...» ማለት ጀመረ።

«ቀብሯ ሰኞ ነው» አለው ቴሬንስና ስልኩን ዘጋ። ዕጣ ፈንታ ነው እንላለን፣ ሌላ የምንለው ሲጠፋን። አባት ይደውላል ስትል ልጅ፣ ልጅ ትመጣለች ሲል አባት፣ አስራ አንድ ዓመት በአንድ ከተማ ተቀምጠው ተጠባበቁ... ታዲያ በዚህ ውስጥ ዕጣ ፈንታ ምን አደረገች?