ከፊት የምትሄደው

ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ወጥታ ዞር ዞር ብትል ማንም የለም።

«ሽንቴ ነው፤ ጠብቂኝ እሺ?» ብላት ነበር ለጓደኛዋ ለቀጮ። ቀጮም «ሂጂ፣ የትም አልሄድም» ብላ ቦርሳዋን ተቀብላታለች። አሁን ቀጮም የለች፣ ቦርሳውም የለ፣ የክፍሉ ልጆችና የስፖርት መምህሩም የሉም። ቁልቁል የመጡበት አውቶቡስ የክብሪት ቀፎ አክሎ ይታያል። ሽቅብ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ጭር ብሏል።

«ቀጮ! ኧረ ቀልዱ ይቅር!» ብላ ተጣራች።

ክፍል ውስጥ «ኤሊ» ነው የሚሏት። አስም አለባት፤ ዳገት ላይ ቶሎ ትንፋሽ ያጥራታል። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ፣ ተራራው አናት ላይ ወዳለው ሐይቅ ገና ሲነሱ ደንብ አውጥቶ ነበር፦ ከሁሉ የሚዘገየው ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው በእሱ እርምጃ ይከተላል። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ከፊት የሄደችው እሷ ናት። ከኋላዋ ጉርምርምታው አላቆመም። «በዚህ አያያዝ ሐይቁ ጋ የምንደርሰው ጡረታ ስንወጣ ነው» ሲል የክፍል አለቃው፣ ሁሉም ሳቁ። ቀጮ ስትስቅ አልሰማችም። ቢያንስ እንደዚያ ነው የመሰላት።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሰሞኑን ሙሉ ጉዞውን «አይሆንም» ስትል ከርማ በመጨረሻ ልቧ የራራው በቀጮ ተማምና ነው። ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «መድኃኒቷን ከአጠገቧ እንዳታርቂ። አደራሽን፣ ልጄ» አለቻት።

«ማዘር፣ ምንም አያስቡ!» አለች ቀጮ። «እኔ እያለሁ?»

መድኃኒቱ አሁን ቀጮ በያዘችው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ወደ አውቶቡሱ መውረድ ትችል ነበር። ግን ሐይቁን አብረው ሊያዩ ቃል የተገባቡት ገና ትንንሽ ሳሉ ነው። ደግሞስ ከላይ ሆና ስታጣኝ ቀጮ በድንጋጤ ትሞታለች ብላ አሰበች። ለቀጮ ተጨንቃ ሽቅብ ወጣች።

ትንሽ ትሄድና ትቆማለች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ደግሞ ትሄዳለች። ደረቷ ያፏጫል። ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ሲንሸራተት በጉልበቷ ተደፋች። ፈርታለች፤ እንደዚህ ፈርታ አታውቅም። ከላይ የልጆቹ ሳቅና ጩኸት ሲሰማት ማልቀስ አማራት። ጉሙ መውረድ የጀመረው ያኔ ነው።

ጫፉ ላይ ስትደርስ ልጆቹ ቦርሳቸውን እያነሱ ነበር። ሐይቁ አይታይም። ውሃው ከዳሩ ድንጋይ ጋር ሲላተም ይሰማል እንጂ፣ ከፊቷ ያለው ነጭ ጉም ብቻ ነው።

«አንቺ!» መምህሩ ክው አለ። «አውቶቡስ ውስጥ አይደለሽም እንዴ?»

«የምን አውቶቡስ?» ድምፅዋ ተቆራረጠ።

መምህሩ ወደ ቀጮ ዞረ። «ደክሟት ወርዳለች፣ አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ አይቻለሁ አላልሽኝም?»

ቀጮ እየሮጠች መጣች። መድኃኒቱን ከቦርሳው አውጥታ ለኤሊ ሰጠቻት። ጆሮዋ ሥር «እባክሽ» አለቻት። «ወርጄ ሐሳቤን ቀየርኩ በይው። ከሩጫ ቡድኑ ያስወጣኛል።»

ቡድኑ ውስጥ ለመግባት ዓመቱን ሙሉ ስትለፋ ከርማ፣ የተመረጠችው ባለፈው ሳምንት ነው። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የጮኸችላት ኤሊ ነበረች።

መድኃኒቱን ደጋግማ ሳበች። ደረቷ ቀለል ሲላት «ለምን?» አለቻት ቀስ ብላ።

«አንድ ቀን እንኳ እንደ ልቤ ልሂድ ብዬ ነዋ! ሁልጊዜ ያንቺ ጠባቂ ነኝ። ሰለቸኝ።» የቀጮ ዓይን እንባ ሞላ። «ስታጪን ትወርጃለሽ ብዬ ነው። ቦርሳውን ደግሞ ረሳሁት፤ እውነቴን ነው።»

እውነቷን እንደሆነ ኤሊ አውቃለች። ከውሸቱ ይልቅ ያመማትም እሱ ነው።

መምህሩ ጠጋ አለ። «ወደ አውቶቡሱ እመለሳለሁ ብለሻታል?»

ሁሉም ያይዋታል። «አዎ» ብትል ደንብ ጥሳ ብቻዋን የወጣችው እሷ ትሆናለች፤ ከእንግዲህ የትም የሚወስዳት የለም፤ እናቷም ትሰማለች። ቀጮ ደግሞ ነገ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ትቀልዳለች፣ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል። ድሮን አሰበችው። ድሮም ሰልችቷት ይሆን?

«አላልኳትም» አለች።

«አሳባቂ» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላዋ «ይኸው ደረሰች አይደል፣ ምን ሆነች?» ብላ ቀጮን አቀፈቻት። ኤሊን ያቀፋት የለም። መምህሩም ሳያጣራ ትቷት የሄደ ሰው ነውና «ተሰለፉ፣ እንውረድ» ብቻ አለ።

በደንቡ መሠረት ከፊት የምትሄደው እሷ ናት። ቀጮ ዓይኗን እየጠራረገች ቦርሳውን እንደያዘች ተጠጋቻት። «ልያዝልሽ» አለቻት። «ቁልቁለቱ ያንሸራትታል።»

ኤሊ እጇን ዘረጋች። ቦርሳውን ተቀብላ ጀርባዋ ላይ አደረገችው፤ ማንጠልጠያውንም አጠበቀች። ጥቂት እንደሄዱ ከሰልፉ መሀል «ኧረ ፈጠን በይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ብላ ትፈጥን ነበር። አሁን ቆመች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ በራሷ እርምጃ መውረዷን ቀጠለች።