ከወለሉ ሥር ያለው ወንበር

«ጫኑ! ምን ያስፈራችኋል? ከሥር ያለሁት እኔ!» አሉ ጋሽ ዐብዱልቃድር፣ ወንበራቸውን ከአዲሱ ፎቅ ወለል ሥር ጎትተው ቁጭ እያሉ።

የአሸዋ ጆንያ የተሸከሙ ወላጆች እየዘፈኑ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ስርጉት ተማሪዎቹ መሃል ቆማ ዓይኗን ከወለሉ ላይ አልነቀለችም። ጠዋት ቁርስ እንኳ አልወርድ ብሏታል።

አሶሳ ውስጥ ጋሽ ዐብዱልቃድርን የማያውቅ የለም። አርክቴክት ናቸው፤ ከተማው ግን «እብዱ መሐንዲስ» ይላቸዋል። ቢላቸው ምን ይገርማል! የራሳቸውን ቤት የሠሩት በማንጎ ዛፍ ዙሪያ ነው፤ ዛፉ ሳሎን መሃል ቆሞ ፍሬውን ምንጣፉ ላይ ይጥላል። ጤና ጣቢያውን የተገለበጠ እንቅብ አስመስለው ሲሠሩት ሰው ሳቀ። በጋው ሲገባ ግን ምንም ያላመመው ሁሉ ለቅዝቃዜው ሲል እዚያው ሲያውደለድል መዋል ጀመረ። ሁሉንም የሚሠሩት በቀርከሃ ነው። «ብረት ከሩቅ ይመጣል፤ ቀርከሃ ጓሮ አለ» ይላሉ። አፋቸውን የፈቱት በበርታ ቋንቋ ስለሆነ፣ በአማርኛ ወንዱንም ሴቷንም «አንተ» ነው የሚሉት።

አንድ የማይለቁት ልማድ አላቸው። የጨረሱት ወለል ላይ ለሙከራ ሸክም ሲጫን ከሥሩ ይቀመጣሉ፣ ያውም ብቻቸውን። ሌላ ሰው ከሥር ከገባ ጭነቱ ወዲያው ይቆማል። «ቤቴን እኔ ካላመንኩ ማን ያምናል?» ነው የሚሉት። ዛሬ ተራው የስርጉት ትምህርት ቤት የንባብ ፎቅ ነው። የቀርከሃ ፎቅ የማይዋጥለት አንድ ሰውዬም ከወረዳ መጥቶ ዳር ቆሟል።

ስርጉትን ያስፈራት ቀዩ ክር ነው። የተቆረጠ ቀርከሃ ለሳምንታት ኩሬ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ ነቀዝ ይበላዋል። ተዘፍዝፎ በወጣው ላይ ቀይ ክር ማሰር የእሷና የእዩኤል ሥራ ነበር። የኳስ ግጥሚያ በነበረበት ቀን ግን እዩኤል ቶሎ ለመሄድ ሲል ውሃ ያልነካውን ክምር ሁሉ ክር በክር አደረገው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው ያን ቀን።

«ባክሽ አታካብጂ! ቀርከሃ ቀርከሃ ነው። ጭጭ በይ፣ በናትሽ።»

ጭጭ አለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ እንዴት ታሳጣው? ያ ክምር ግን ይኸው ወለሉን ተሸክሞ ቆሟል።

«እዩኤል፣ እንናገር» አለችው አሁን በሹክሹክታ።

«አበድሽ? ያ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ እኮ ሰበብ ነው የሚፈልገው፤ ፎቁን ያስፈርሰዋል። አባቴ ደግሞ ይገድለኛል። ቀጥ ብሎ ቆሞ የለ እንዴ?» አለ። የእሱም ከንፈር ግን ደርቋል።

ሌላ ጆንያ ተጫነ። ወለሉ ሲጥ አለ። ከላይ ደቃቅ ቢጫ ነገር በንኖ የሽማግሌው ነጭ ቆብ ላይ አረፈ። አሸዋ መስሏቸው እፍ አሉት። ስርጉት ግን አወቀችው፤ እናቷ በየዓመቱ ከበቆሎው ጎተራ የምትጠርገው የነቀዝ ዱቄት ነው።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። ዘፈኑ ዋጠው። መሮጥ ፈለገች፣ ወደ ቤቷ፣ ወደ የትም። እግሯ ግን ወደ ወለሉ ሥር ይዟት ገባ።

«ቁሙ! ሰው ገብቷል!» አለ አንዱ ከላይ። ዘፈኑ ተቋረጠ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርጋለህ እዚህ? ውጣ!» አሉ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ ቀርከሃው አልተዘፈዘፈም። ክሩ ውሸት ነው። እያየሁ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ዐብዱልቃድር ቆባቸውን አውልቀው ዱቄቱን በጣታቸው አሹት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ጆንያውን ተዉት! ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ ውረዱ!» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «አንተ ሂድ። እነሱ ላይ ካሉ እኔ ከሥር ነኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አሏት።

ወለሉ እንደገና ሲጥ አለ። ስርጉት ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወንበራቸው አጠገብ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች።

«እንግዲያው እኔም አልወጣም።»

እሷን አዩ። ወለሉን አዩ። «ያ አላህ!» ብለው ብድግ አሉና እጇን አፈፍ አድርገው ወጡ። በሕይወታቸው ጭነት ሳያልቅ ከሕንፃቸው ሥር ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

የመጨረሻው ሰው መሬት እንደ ረገጠ አንዱ አግዳሚ ጧ ብሎ ተሰበረ። ጆንያዎቹ ተንሸራተው ወረዱ። አቧራው ሲገለጥ ወንበሩ የለም፤ ስብርባሪ እንጨቱ ብቻ ከአሸዋው ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። ስርጉት እንባዋ መጣ።

«አላልኩም? ይፍረስ!» አለ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ።

«አይፈርስም። አንድ በአንድ ይፈታል፤ ነቀዝ የበላው ይጣላል፣ የቀረው ይዘፈዘፋል» አሉ ጋሽ ዐብዱልቃድር። ወደ ስርጉት ጎንበስ ብለው፣ «ማን አሰረው?» ሲሉ ጠየቋት።

ስርጉት ዞር ብላ እዩኤልን አየችው፣ እሱ ደግሞ የተሰበረውን ወንበር ያያል። ከዚያ ማንንም ሳያይ፣ አጥሩ ሥር ወደ ተረፈው የቀርከሃ ክምር ሄዶ ተንበረከከ። ሰው ሁሉ እያየው የመጀመሪያውን ቀይ ክር መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ግን አልፈታ አለው።

ስርጉት እንባዋን ጠረገችና ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከች። ሁለተኛውን ክር ያዘች።